በሰዓት ልማር ወይስ በኮርስ? ከጅማ ሂርማታ ለጻፍሽልኝ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 24 ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አባቴን በቡና ንግዱ አግዛለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውሮፕላን ማብረር እመኛለሁ፤ የኤርፖርቱ አጥር ሥር ቆሜ ያደግኩ ነኝ። አሁን አባቴ ‹ዘንድሮ ቡናው ደህና ከተሸጠ እከፍልልሻለሁ› ብሎኛል። ግራ የገባኝ የቱን ዓይነት ሥልጠና እንደምመርጥ ነው። አሜሪካ ያለው አጎቴ ‹በጎብኚ ቪዛ ነይ፣ እኔ ጋ እየኖርሽ ቅዳሜና እሑድ በፓርት 61 ከአንድ አስተማሪ ጋር ትማሪያለሽ፣ ርካሽ ነው› ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ደግሞ ፓርት 141 በ35 ሰዓት ያልቃል ይላሉ። በ3 ሳምንት እናስጨርሳለን የሚሉም አሉ። 20 ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ስፖርት ፓይለት የሚባል ፈቃድም አየሁ። እናቴ በበኩሏ ‹መሬቱ ምን ጠበበሽ?› ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?»
ሰማይ ናፋቂዋ፣ ከሂርማታ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም መጣ፣ ሆዴም ባባ። ያንን አጥር እኔም አውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ሲያርፍ ለማየት ከትምህርት ቤት የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው፤ ቤት ስገባ የጠበቀኝን አርጩሜ አልነግርሽም። በኋላ አሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት የግል አብራሪ ፈቃድ አወጣሁ። እና የምነግርሽ ነገር ግማሹ ያነበብኩት፣ ግማሹ ደግሞ ከኪሴ የከፈልኩበት ነው።

ከአጎትሽ ልጀምር፤ ችግር ውስጥ ሊከትሽ የሚችለው የሱ ሐሳብ ነውና። ክፉ አስቦ አይደለም። እሱ እዚያ ነዋሪ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ መማር ይችላል። አንቺ ግን በጎብኚ ቪዛ ገብተሽ ፈቃድ የሚያሰጥ የበረራ ሥልጠና መማር አትችዪም። ክልክል ነው፤ ቪዛሽን ያበላሽብሻል። የሚያስፈልግሽ ኤም-1 የሚባለው የሙያ ተማሪ ቪዛ ነው። ለሱ ደግሞ አይ-20 የሚሉትን ወረቀት የሚሰጥሽ፣ የውጭ ተማሪ እንዲቀበል የተፈቀደለት ትምህርት ቤት መኖር አለበት፤ ይህን ፈቃድ የሚያገኙት የበረራ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የፓርት 141 ዓይነቶቹ፣ ማለትም በመንግሥት የጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ያላቸው ናቸው። በግሉ የሚያስተምር ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን ወረቀት ሊሰጥሽ አይችልም። በኤም-1 ስትማሪ ጎን ለጎን ሥራ መሥራትም የለም። አጎትሽ ጋ ማደር ትችያለሽ፣ እንጀራውንም ትበያለሽ፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትማሪበት ሥልጠና ግን ለአንቺ አይሆንም።

ሌላም አለ። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሥልጠናውን ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤታቸው አሻራ ተቀብሎ ማንነቱን ያጣራል። ይህ በሁለቱም ዓይነት ሥልጠና ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከደረሰው ጥቃት በኋላ የመጣ ሕግ ነው፤ ያ ቀን በኛ መስከረም 1፣ ዓመት በዓል ነበር፣ ታስታውሺው ይሆን? አይ፣ ገና ነበርሽ። ለማንኛውም ማጣራቱ ጊዜ ስለሚወስድ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት መጀመር አለበት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ፓርት» የሚባለው የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ የክፍል ቁጥር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በፓርት 61 ስትማሪ ትምህርቱን በምን ቅደም ተከተል እንደምትሄዱበት አንቺና አስተማሪሽ ትስማማላችሁ። ዛሬ ነፋስ ስለሆነ በነፋስ ማረፍ እንለማመድ፣ ነገ ሰማዩ ከጠራ ራቅ ብለን እንሂድ ማለት ይቻላል። በፓርት 141 ግን ትምህርት ቤቱ በመንግሥት የጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት አለው። ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ የምታልፊው ሌላ አስተማሪ ከፈተነሽ በኋላ ነው። በመጨረሻ የሚሰጠው ፈቃድ ያው አንድ ነው፤ በየትኛው መንገድ እንደተማርሽም አይጻፍበትም። ማለፊያ የሚሆነው የብቃት ደረጃም አንድ ነው።

ስለ ሰዓቱ ያነበብሽው እውነት ነው፣ ግን ያሳስታል። በፓርት 61 ዝቅተኛው 40 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20ው ከአስተማሪ ጋር፣ 10ሩ ብቻሽን ነው። በማታ በረራ በድምሩ 3 ሰዓት ትሞያለሽ፣ በዚያውም 10 ጊዜ ተነስተሽ ታርፊያለሽ። ውጭ ሳታዪ በመሣሪያ ብቻ 3 ሰዓት። ብቻሽን ከምታደርጊያቸው ረጅም ጉዞዎች አንዱ ቢያንስ 150 የባሕር ማይል መሆን አለበት፤ 278 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና ከምንንከራተትበት 350 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያንስ ነው። በፓርት 141 ዝቅተኛው 35 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ «5 ሰዓት አተረፍኩ» የሚል ሰው ሒሳቡን ከታች ነው የጀመረው። በ35ም በ40ም የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው 60 እና ከዚያ በላይ ሰዓት ይፈጅበታል። እኔ 68 ፈጅቶብኛል። ትምህርት ቤቱ በ35 ሰዓት ያሰላልሽን ዋጋ አይተሽ ለአባትሽ እንዳትነግሪ አደራ። የአንዱን ሰዓት ዋጋ በ65 አባዝተሽ ንገሪው።

የኔን ላጫውትሽ። እኔ የተማርኩት በፓርት 61 ነው። ሌሊት እየሠራሁ፣ ገንዘብ ሲኖረኝ እየበረርኩ። የመጀመሪያ አስተማሪዬ ወርቅ ሰው ነበር፤ ግን እዚያ አገር ብዙ ወጣት አስተማሪዎች የሚያስተምሩት አየር መንገድ ለመቀጠር የሚጠየቁትን 1,500 ሰዓት ለመሙላት ነው፤ እሱም ሞላለትና አንድ ቀን ደህና ሁን ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፣ «እስቲ የምትችለውን አሳየኝ» ብሎ አራት ሰዓት ያህል ያለፍኩትን አስደገመኝ። ሁለተኛው ሄደ። ከዚያ ገንዘብ አለቀብኝ፤ ሁለት ወር ተኩል አውሮፕላን ሳልነካ ቆየሁ። ሦስተኛው አስተማሪ ጋ ስመለስ ማረፍ ጠፍቶብኝ ነበር፤ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ እንደ ኳስ ይነጥር ነበር። በእያንዳንዱ መቋረጥ ከፍዬ የያዝኩትን ከፍዬ እየረሳሁ ነበር። ቡና እየቆላሽ ምድጃው ጠፋ እንበል። ነገ እቀጥላለሁ ብለሽ ግማሹን የተቆላ ቡና መልሰሽ ብትጥጂው ምን እንደሚሆን ለነጋዴ ልጅ አልነግርም።

ስለዚህ ምክሬ ከፓርት ቁጥሩ ይልቅ አለመቋረጡ ላይ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን መብረር፣ ሙሉው ገንዘብ ሳይያዝ አለመጀመር። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚበር ሰው፣ በየትኛውም ፓርት ይማር፣ የበረራውን ግማሽ ያለፈውን ሳምንት ለማስታወስ ነው የሚያጠፋው። ሥርዓተ ትምህርት ያለው ኮርስ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አስተማሪ ቢቀየርብሽ እንኳ የት እንደደረስሽ ወረቀቱ ይናገራል፣ አዲሱም ከዚያው ይቀጥላል። ጉዳቱ ደግሞ አይለጠጥም። አንድ ነገር ቶሎ ቢገባሽም ወረቀቱ ያለውን ሰዓት ትሞይለታለሽ፤ ምዕራፍ ፈተና ላይ ብትሰናከዪ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። እኔ እንደገና ልማር ብባል፣ ከአንድ ጥሩ አስተማሪ ጋር በፓርት 61፣ ግን ገንዘቤን ይዤ፣ ሥራ ትቼ ነበር የምማረው። ያ ለኔ ነው። አንቺ ቪዛሽ ስለወሰነልሽ በፓርት 141 ሂጂ፣ አትጸጸቺም።

ወጪውን በተመለከተ ማንም የማይነግርሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። የአውሮፕላኑ ቆጣሪ የሚጀምረው ሞተሩ ሲነሳ እንጂ አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሳ አይደለም። ልክ እንደ ታክሲ ቆጣሪ ነው፤ መንገድ ተዘግቶ ቆመሽም ይቆጥራል። ትልቅና ሥራ የበዛበት ኤርፖርት ላይ ያለ ትምህርት ቤት ከመረጥሽ ለመነሳት ተሰልፈሽ 15 ደቂቃ ትከፍያለሽ፤ ትንሽ ኤርፖርት ላይ ያለው ደግሞ በሰዓት ውድ ቢመስልም በድምሩ ሊረክስ ይችላል። ስትጠይቂያቸው፣ የአስተማሪው ክፍያ ለብቻ ነው ወይ፣ ነዳጅ ተጨምሮበታል ወይ፣ የፈታኙ ክፍያስ፣ ሄድሴትስ፣ ኢንሹራንስስ በዪ። ስንት አውሮፕላን ለስንት ተማሪ እንዳላቸውም ጠይቂ። አስር ተማሪ ሴስና 172 በምትባል አንዲት ትንሽ የመማሪያ አውሮፕላን ላይ ተሰልፎ ካየሽ ተመለሺ። እና ገንዘቡን በሙሉ አስቀድመሽ አትክፈዪ፤ ቅናሽ አለው ቢሉሽም። የሚዘጋ ትምህርት ቤት ከነተማሪው ገንዘብ ነው የሚዘጋው፤ አብሮኝ የተማረ ልጅ ላይ ደርሷል።

ወቅቱ ደግሞ ለአንቺ የተመቸ ነው፣ አስቢው። የኛ አገር ቡና ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይለቀማል፤ የአባትሽ እጅ ገንዘብ የሚገባው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። የበረራ ትምህርት ቤት የሞላባት ፍሎሪዳ ደግሞ እስከ ሚያዝያ ደረቅ ናት፤ በበጋቸው ግን፣ ማለትም በኛ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ ስለሚበዛ በረራው ይሰረዛል። ጥር ወይም የካቲት ብትጀምሪ ሦስት አራት ወር ጥሩ ሰማይ ታገኛለሽ። ዶላሩን ግን ከባንክ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪበት። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የዛሬ ስድስት ወር በያዝሽው ሒሳብ ዛሬ አትከፍዪም።

የ3 ሳምንቱ ነገር። አለ፣ ውሸት አይደለም፤ ጠዋትና ማታ እያበረሩ ያስጨርሳሉ። ለማን ይሆናል? የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ ለሚመጣ፣ ምናልባትም ከዚህ በፊት ጀምሮ ላቋረጠ ሰው። ለአዲስ ሰው ግን አልወደውም። ሦስት ቀን ደመና ቢሆን፣ ጉንፋን ቢይዝሽ፣ ፈታኙ ቀጠሮ ባይኖረው ሁሉ ነገር ይፈርሳል። ደግሞ ማረፍ ማለት በአእምሮ ሳይሆን በእጅና በእግር የሚያዝ ነገር ነው፤ ማታ ተኝተሽበት ጠዋት የሚመጣልሽ ዓይነት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስፖርት ፓይለቱን እርሺው። ዝቅተኛው 20 ሰዓት መሆኑ እውነት ነው። ግን የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ስለማያሟላ፣ የአገሩ መንግሥት ለይቶ ካልፈቀደልሽ ከአሜሪካ ውጭ አያገለግልሽም። ይዘሽው ጅማ ብትመጪ ፍሬም ውስጥ አድርገሽ ግድግዳ ላይ ትሰቅዪዋለሽ፤ ጥቅሙ እሱ ነው። የግል አብራሪ ፈቃዱ ግን መስፈርቱን ያሟላል። የሚገርምሽ፣ ያ ድርጅት ራሱ 40 ሰዓት ይጠይቅና በጸደቀ ኮርስ ከሆነ ወደ 35 ይቀንሳል፤ ኢትዮጵያም ድርጅቱን ያቋቋመውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ የ35 እና የ40 ነገር የአሜሪካ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ አገር ቤት ለመማር ብታስቢም ይኸው ጥያቄ ይመጣብሻል። የውጭ ፈቃድ ይዘሽ እዚህ ለመብረር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሊቀበልሽ ይገባል፤ ምን ወረቀትና ምን ፈተና እንደሚፈልጉ ከመሄድሽ በፊት ሄደሽ ጠይቂያቸው። ተመልሰሽ አይደለም።

ለትምህርት ቤት አንድም ብር ከመክፈልሽ በፊት የምታደርጊው ግን የጤና ምርመራ ነው። ማንኛውም ሆስፒታል አይደለም፣ ለአብራሪ ምርመራ የተፈቀደለት ሐኪም ጋ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ቀለም መለየት ያያሉ። መነጽር ማድረግ ብቻውን አይከለክልም፤ በመነጽር በደንብ ካየሽ ይበቃል። ወደፊት በዚህ ሥራ ልኑር የሚል ሐሳብ ካለሽ ከወዲሁ ከፍ ያለውን፣ አንደኛ ክፍል የሚሉትን አድርጊ። ግማሽ መንገድ ሄዶ «ልብህ አያስኬድም» የተባለ ሰው አውቃለሁ፤ ልቡ አልታመመም፣ ያን ቀን ግን ተሰበረ።

ይህ ደግሞ በደብዳቤሽ ወዳልጻፍሽው ነገር ያመጣኛል። ለምንድን ነው የምትማሪው? ለፍቅር ነው ወይስ ለእንጀራ? የግል አብራሪ ፈቃድ ይዞ ደመወዝ መቀበል አይቻልም፤ ስሙ ላይ እንዳለው የግል ነው። ለደመወዝ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ነው እንግዲህ የፓርቱ ልዩነት የሚጎላው፦ በ61 250 ሰዓት፣ በ141 190 ሰዓት። የ60 ሰዓት ልዩነት እንደ 5ቱ ሰዓት አይደለም፣ ብዙ ጆንያ ቡና ነው። ሐሳብሽ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ላይ መቀጠር ከሆነ ግን ቆይ በዪ። የአየር መንገዱ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ሠልጣኞቹን ከዜሮ ነው የሚያስጀምረው፤ የግል ፈቃድ ይዛችሁ ኑ አይልም። ማስታወቂያው ሲወጣ መስፈርቱን አንብበሽ ተወዳደሪ። የአባትሽን የዓመት ቡና ከዚያ በፊት አታቃጥዪ። ለፍቅር ከሆነ ደግሞ ያው ለፍቅር ነው፤ ለሠርግም ይከፈላል።

ለፍቅር ከሆነ ግን ተመልሰሽ ምን ላይ ትበሪያለሽ? እኔ ጅማ ላይ በሰዓት የሚከራይ ትንሽ አውሮፕላን አላየሁም። ፈቃዱ ሳይሻር ይቆያል፣ እጅሽ ግን ይዝጋል። በአሜሪካው ደንብ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስተሽ ካላረፍሽ መንገደኛ መጫን አትችዪም፤ በየ24 ወሩም ከአስተማሪ ጋር ትፈተሻለሽ። እኔ ከተመለስኩ ወዲህ መንገደኛ ሆኜ መስኮት አጠገብ ነው የምቀመጠው። አላማርርም፤ ግን አንቺም ከወዲሁ እወቂው።

እና ስለኛ ሰማይ ትንሽ። ፍሎሪዳ ከባሕር ወለል ጋር እኩል ናት። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው፣ ክንፉም የሚሸከምበት አየር ያንሳል። ያው ሴስና ታች 500 ሜትር ሮጣ የምትነሳ ከሆነ እዚህ ብዙ ተጨማሪ አስፋልት ትበላለች፣ ከተነሳችም በኋላ ሽቅብ መውጣቱ ያቅታታል። ይህን በወረቀት ይነግሩሻል፤ በሰውነት ግን የሚታወቀው ሲደርስብሽ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጪ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ኤርፖርት ሄደው የሚያለማምዱ መሆናቸውን ጠይቂ። ጠዋት ጠዋት ጅማ ላይ የሚተኛውን ጉም ደግሞ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

እንግሊዝኛሽንም አደራ። መጻፍና ማንበቡ አይደለም፤ ሬዲዮ ላይ በፍጥነት የሚናገር ሰው መስማትና ሳይንተባተቡ መመለስ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ታወር፣ ማለትም የኤርፖርቱ የበረራ መቆጣጠሪያ፣ ሲጠራኝ የአውሮፕላኔን ቁጥር ረስቼ ስሜን ነገርኳቸው። ሳቁብኝ፣ ፈቀዱልኝም።

እናትሽን አትከራከሪያት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ካፒቴን ስትሆን ፎቶዋ ያልወጣበት ጋዜጣ አልነበረም፤ እሱን ፈልገሽ አሳያት፣ ከዚያ ቡና አፍዪላትና ዝም በዪ። እናቶች ሦስተኛው ላይ ይለዝባሉ።

ለአጎትሽ ደግሞ ዛሬውኑ ደውዪለት። የጎብኚ ቪዛውን ይተወው፤ ከሱ የምትፈልጊው ሌላ ነው። አካባቢው ካሉት የፓርት 141 ትምህርት ቤቶች አይ-20 የሚሰጡት የትኞቹ እንደሆኑ ያጣራልሽ፣ አንድ ቅዳሜ በአካል ሄዶ ስንት አውሮፕላን ቆሞ እንዳለና ስንት ተማሪ እንደሚጠብቅ ቆጥሮ ይንገርሽ። ከተማሪዎቹ አንዱን ቡና ይጋብዝና «ባለፈው ወር ስንት ጊዜ በረርክ?» ብሎ ይጠይቀው። የጤና ምርመራውን ውጤት ስታገኚ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቶቹ በስም እናወራለን።